እቁቡ ቀድሞ የወጣላቸው ቡድኖች

በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ የአሜሪካ የስፖርት ገጾች አንድ ዓይነት ዜና ይዘው ብቅ ይላሉ። እገሌ የተባለው ኮከብ «ቡድኑን ለመርዳት ሲል» ኮንትራቱን አሸጋሽጓል፤ በዚህም ክለቡ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ክፍት ቦታ አግኝቷል። ደጋፊው ያጨበጭባል። ልጁ ኪሱን ጎድቶ ማልያውን ያስቀደመ ጀግና ተብሎ ይወደሳል። አንዳንዱማ «የኛዎቹ ኳስ ተጫዋቾች ከዚህ ቢማሩ ምናለ» ብሎ ምክር ይጨምርበታል።

ዜናውን እስከ ታች ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ጀግናው አንዲት ሳንቲም አልተቀነሰችበትም። እንዲያውም ውድድሩ ሲጀመር በየሳምንቱ እየተቆራረሰ ሊሰጠው የነበረው ደመወዝ ተጠቅልሎ፣ በፊርማ ክፍያ ስም፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይገባለታል። መስዋዕትነት ማለት ይሄ ከሆነ እኔም ለመሥሪያ ቤቴ መስዋዕት ለመሆን ዝግጁ ነኝ። የዓመት ደመወዜን ዛሬ ከሰዓት ይስጡኝና ፎቶዬን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።

በኮንትራት ሽግሽግ ላይ ሁለት ውሸቶች ይወራሉ። አንደኛው ይሄ የጀግንነት ወሬ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የደመወዝ ጣሪያ የሚባለው ለታይታ ነው፤ ሂሳብ የሚችል ሰው ካለህ ሁሉንም ያሸጋሽግልሃል» የሚለው ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሽግሽግ ብድር ነው። ብድር ደግሞ በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ ጥያቄው ለማን ተበደርክ፣ መቼስ ትከፍላለህ የሚለው ነው። የሚያስከፋው ነገር ሂሳቡ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የፈረመው ሰው አለመሆኑ ነው።

(ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ሁሉም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሪያው

«ፉትቦል» ስል የአርሴናልንና የማንቸስተርን ማለቴ አይደለም። ሞላላውን ኳስ በእጃቸው ይዘው፣ የብረት ቆብ የመሰለ ነገር አጥልቀው እንደ ኮርማ የሚላተሙትን አሜሪካኖች ማለቴ ነው። ጨዋታው ባይጥማችሁም ግድ የለም፤ የገንዘቡ ጉዳይ ከጨዋታው የበለጠ ይጥማል።

ሊጋቸው ኤን ኤፍ ኤል ይባላል፤ 32 ቡድኖች አሉት። ከአገር አቀፍ የቴሌቪዥን ውል የሚገባው ገንዘብ ለ32ቱም እኩል ይካፈላል። ከሊጉ ገቢ ውስጥ ስንት እጁ ለተጫዋቾች እንደሚደርስ የተጫዋቾቹ ማኅበርና የክለቦቹ ባለቤቶች ተደራድረው ይወስናሉ። ከዚያ በመነሳት አንድ ቡድን በአንድ ዓመት ለተጫዋቾቹ ሊመዘግብ የሚችለው ከፍተኛ መጠን ይታወጃል። «ሳላሪ ካፕ» የሚሉት ይሄንን ነው። በ1994 ሲጀመር 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025 279.2 ሚሊዮን ደረሰ። የኒው ዮርክ ባለጸጋም ሆነ መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ትንሿ ግሪን ቤይ እኩል ጣሪያ ሥር ይኖራሉ ማለት ነው።

የኛ አገር ሰው ጣሪያ ሲባል ሌላ ነገር ሊመጣበት ይችላል። ፌዴሬሽናችን በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ከክለቦች ጋር ወስኖ ነበር። ያ የግለሰብ ጣሪያ ነው። የአሜሪካው የቡድን ጣሪያ ነው፤ ለአንዱ 50 ሚሊዮን ዶላር መስጠት ትችላለህ፣ ነገር ግን የቀሩት 52 ልጆች በተረፈው ይቃመሳሉ።

የአውሮፓን ኳስ ለሚከታተል ደግሞ ኦገስት 2021ን ላስታውሰው። ሊዮኔል ሜሲ ባርሴሎና ውስጥ መድረክ ላይ ቆሞ ያለቀሰው ክለቡ የስፔን ሊግ ከፈቀደለት የወጪ ገደብ በላይ ስለነበረ ነው። በዚያው ወር ጄራርድ ፒኬ አዲስ የመጡት ተጫዋቾች እንዲመዘገቡ ብሎ ከገዛ ደመወዙ ላይ አስቀነሰ። መስዋዕትነት ካላችሁ ያ መስዋዕትነት ነው። የአሜሪካኖቹ ሽግሽግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሽግሽጉ

እቁብ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት የሂሳብ ባለሙያ አያስፈልገውም። አሥር ሰው በየወሩ ያዋጣል። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ቀሪዎቹን ዘጠኝ ወሮች ግን መክፈሉ አይቀርለትም። ቀድሞ መውሰድ ትርፍ አይደለም፣ ኪሳራም አይደለም። ወለድ የሌለው ብድር ነው። የእቁቡ ዳኛ ዋስ አምጣ የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ክለቡ እንምጣ። አንድ ተጫዋች አራት ዓመት የቀረው ኮንትራት አለው እንበል። የዘንድሮ ደመወዙ 21 ሚሊዮን ዶላር ነው። ክለቡ 1 ሚሊዮኑን ብቻ ደመወዝ አድርጎ ይተውና 20 ሚሊዮኑን «የፊርማ ክፍያ» ብሎ ስሙን ይቀይረዋል። ለተጫዋቹ ልዩነት የለውም፤ 21 ሚሊዮኑን ያገኛል። ለሂሳብ ያዡ ግን ትልቅ ልዩነት አለው፤ የሊጉ ደንብ የፊርማ ክፍያን በቀሩት የኮንትራት ዓመታት ላይ፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ፣ እኩል አካፍሎ መመዝገብ ይፈቅዳላ! 20 ሚሊዮን ለአራት ሲካፈል 5 ነው። ዘንድሮ በጣሪያው ሥር የሚቆጠረው 1 ሲደመር 5፣ ማለትም 6 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። 15 ሚሊዮን ቦታ ተከፈተ። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ግን በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ተጨማሪ ይጠብቃል። ጥሬው ገንዘብ ዛሬ ይወጣል፣ ሂሳቡ ነገ ይመዘገባል። እቁቡ ለክለቡ ቀድሞ ወጣለት።

ከዚህ የባሰም አለ። ኮንትራቱ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ከሆነስ? ችግር የለም፤ ሌሎች አራት ዓመታት ይቀጠሉበታል። ተጫዋቹም ክለቡም በእነዚያ ዓመታት አብረው እንደማይሆኑ ያውቃሉ። ዓመታቶቹ በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ፣ ቀናቸው ሲደርስ በራሳቸው የሚፈርሱ የይስሙላ ዓመታት ናቸው። እነሱ «ቮይድ ይርስ» ይሏቸዋል። 20 ሚሊዮኑ ለአምስት ተካፍሎ ዘንድሮ 4 ብቻ ይመዘገባል። በሚቀጥለው ዓመት ኮንትራቱ ሲፈርስ ግን የቀረው 16 ሚሊዮን በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል፤ ልጁ ሌላ ከተማ፣ የሌላ ቡድን ማልያ ለብሶ እየተጫወተ።

ያንን ዱብ የሚለውን ሂሳብ «ዴድ መኒ» ይሉታል፤ የሞተ ገንዘብ። ተጫዋቹ ሲሰናበት፣ ወደ ሌላ ክለብ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ያልተመዘገበው ቀሪ በሙሉ ይመጣል። የሞተ የተባለው የሚከፈልለት ሰው ስለሌለ ነው። ከጁን 1 በኋላ ከተሰናበተ በሁለት ዓመት ከፍሎ ለመመዝገብ ይፈቀዳል፤ ዕዳው ግን አይቀንስም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። በብዙ ትልልቅ ኮንትራቶች ላይ ክለቡ ተጫዋቹን ሳያስፈቅድ ደመወዙን ወደ ፊርማ ክፍያ እንዲቀይር የሚያስችል አንቀጽ አለ። ጀግናችን ኮንትራቱ መሸጋሸጉን የሚሰማው እንደ እናንተው ከዜና ሊሆን ይችላል።

ቃሉም ያደናግራል። አንድ 31 ዓመት የሞላው፣ መካከለኛ ደመወዝ ያለው ተከላካይ ቢሮ ይጠራና «ከ7 ሚሊዮኑ ወደ 3 ካልወረድክ ነገ ትሰናበታለህ» ይባላል። እሱም ዜና ላይ «ኮንትራቱን አሸጋሸገ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ለኮከቡ ሽግሽግ ማለት ቀድሞ መከፈል ነው፤ ለመካከለኛው ተጫዋች ሽግሽግ ማለት መቀነስ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ሹመትንና ስንብትን «ዝውውር» እንደ ማለት ነው።

«ጣሪያው ለታይታ ነው»

ዘዴው ከጣሪያው ጋር አብሮ ያደገ ነው። ጣሪያው በተሠራ በዓመቱ፣ በ1995፣ የዳላስ ካውቦይስ ባለቤት ጄሪ ጆንስ ዲዮን ሳንደርስን በሰባት ዓመት 35 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ከዚያ ውስጥ ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋው የፊርማ ክፍያ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዝ ግን ወለሉ ላይ የተኛ ነበር። ሊጉ ደነገጠና ቀዳዳውን ለማጥበብ «የዲዮን ደንብ» የሚባለውን አወጣ። ዳላስ ግን በዚያው የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል በላ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ክለብ አንድ ሂሳብ አዋቂ ቀጥሯል።

«ጣሪያው ለታይታ ነው» የሚሉት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ጠንካራው ክርክራቸው ይሄ ነው፦ ጣሪያው ራሱ ከፍ ይላል። በ2021 182.5 ሚሊዮን የነበረው በ2025 279.2 ሚሊዮን ሆኗል፤ በአራት ዓመት 53 በመቶ። ስለዚህ ዛሬ የተበደርከው 5 ሚሊዮን ከአራት ዓመት በኋላ ስትከፍለው ይቀልሃል። ወለድ የማይከፈልበት፣ ጊዜ ራሱ የሚያቀልልህ ብድር እምቢ የሚል ክለብ ቆጣቢ አይባልም፤ ፈሪ ነው የሚባለው። እዚህ ድረስ እስማማለሁ።

ግን ያው የ2021 ቁጥር ሌላም ወሬ ይነግረናል። በ2020 ጣሪያው 198.2 ሚሊዮን ነበር። ኮሮና መጣና ስታዲየሞች ባዶ ሆኑ፤ ጣሪያው ወደ 182.5 ወረደ። «ሁልጊዜ ይጨምራል» ብለው የተበደሩ ክለቦች ጭንቅላታቸው ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። ጣሪያው ለታይታ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተመታ ነበር።

ይሄ ካልበቃ ዋሽንግተን ያሉትን ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የኛ ሰው በእሁድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚበሳጭበት ቡድን ያ ነው። በ2010 በባለቤቶቹና በተጫዋቾቹ ማኅበር ውል ምክንያት ለአንድ ዓመት ጣሪያ አልነበረም። ዋሽንግተንና ዳላስ አጋጣሚውን ተጠቅመው የወደፊት የኮንትራት ሂሳባቸውን ወደዚያ ጣሪያ አልባ ዓመት ጠቀጠቁት። ኮንትራቶቹን ሊጉ ራሱ አጽድቋቸው ነበር። ይሁንና በማርች 2012 ሊጉ ተመልሶ መጣና ከዋሽንግተን ጣሪያ ላይ 36 ሚሊዮን፣ ከዳላስ ላይ 10 ሚሊዮን ዶላር በሁለት ዓመት እንዲቀነስ ወሰነ። በ2012 ጣሪያው 120.6 ሚሊዮን ስለነበር ለዋሽንግተን የዓመቱ 18 ሚሊዮን 15 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው።

ጊዜው ደግሞ የከፋ ነበር። ዋሽንግተን በዚያው ዓመት ሮበርት ግሪፊንን ለማግኘት ሦስት የአንደኛ ዙር የድራፍት ምርጫዎችንና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጥታ ነበር። ወጣት ኳርተርባክ በመጀመሪያ ኮንትራቱ ርካሽ ነው፤ ክለብ ቡድኑን የሚያጠናክርበት ወርቃማ ጊዜ ያ ነው። ዋሽንግተን በዚያ ወርቃማ ጊዜ ላይ ክንዷ ታስሮ ነበር። በ2012 10 ጨዋታ አሸንፋ 6 ተሸነፈች፤ በ2013 3 አሸንፋ 13 ተሸነፈች። የግሪፊን ጉልበት መጎዳት ትልቅ ድርሻ አለው፤ ቅጣቱ ግን ጉዳቱን የሚሸፍን ሰው ለመግዛት ገንዘብ አላስቀረላትም። ለታይታ የተሠራ ጣሪያ እንዲህ አያደርግም።

ለማን ተበደርክ?

ጥሩ ብድር ምን ይመስላል? ካንሳስ ሲቲን እንይ። ፓትሪክ ማሆምስ በ2020 ለአሥር ዓመት፣ 450 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ማራዘሚያ ፈረመ። በዓመቱ ክለቡ ከክፍያው 21.7 ሚሊዮኑን ወደ ፊርማ ክፍያ ቀይሮ 17 ሚሊዮን ገደማ ቦታ ከፈተ። ከዚያም በኋላ ደግሞ ደጋግሞ አሸጋሸገው። ከዚህ ምን ችግር አለ? ምንም። ልጁ ሲፈርም 24 ዓመቱ ነበር፣ በዓለም አንደኛ ነው፣ ሂሳቡ ሲመጣ እሱም እዚያው ይሆናል። ዋስ ያለው እቁብተኛ ማለት ይሄ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 እና በፌብሩዋሪ 2024 ዋንጫ በሉ።

ሌላው ጥሩ ብድር ታምፓ ቤይ ነው፤ ያውም ከሽማግሌ ጋር። ቶም ብሬዲ በ2020 ሲመጣ 43 ሊሞላው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ በሉ። ከዚያ ክለቡ «ይህ ሰው ከመሄዱ በፊት ያለንን ሁሉ እንስጥ» አለና በይስሙላ ዓመታት ላይ ተበደረ፤ የዋንጫውን ቡድን 22 ቋሚ ተሰላፊዎች በሙሉ ለ2021 መልሶ አሰለፈ። ብሬዲ ጡረታ ሲወጣ በ2023 35 ሚሊዮን ዶላር የሞተ ገንዘብ መጣ። ታምፓ ምን አደረገች? በዚያው ዓመት ዋጥ አደረገችው። በርካሽ አንድ ዓመት ኮንትራት ቤከር ሜይፊልድን አምጥታ በዕዳ ዘመኗ ምድቧን አሸነፈች። የብድሩ ምክንያት ይታወቅ ነበር፣ የመክፈያው ቀን ይታወቅ ነበር፣ ቀኑ ሲደርስ ተከፈለ።

መጥፎውን ብድር ለማየት ወደ ኒው ኦርሊንስ መሄድ አለብን።

ኒው ኦርሊንስ

ሚኪ ሉሚስ ከ2002 ጀምሮ የሴይንትስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው። በሽግሽግ ጥበብ እሱን የሚያክል የለም፤ ይሄን ጠላቶቹም ይመሰክሩለታል። በየዓመቱ መጋቢት ሴይንትስ ከጣሪያው በአሥርና በመቶ ሚሊዮኖች አልፈው ይገኛሉ፣ በየዓመቱ ጋዜጠኛው «ዘንድሮስ አለቀላቸው» ይላል፣ በየዓመቱ ሉሚስ አሥር ኮንትራት አሸጋሽጎ ከጣሪያው ሥር ይገባል።

መጀመሪያ ላይ ትክክል ነበር። ድሩ ብሪስ የሚባል ድንቅ ኳርተርባክ ነበራቸው፤ ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር። ከ2017 እስከ 2020 ባሉት አራት ዓመታት በተከታታይ ምድባቸውን አሸነፉ። በጃንዋሪ 2018 ሚኒሶታ ላይ በመጨረሻዋ ሰከንድ በተቆጠረ ነጥብ ወደቁ። በጃንዋሪ 2019 የሱፐር ቦውል መግቢያ ጨዋታ ላይ የከተማው ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚራገምበትን፣ ዳኛ ያላፏጨውን ጥፋት ተጠቁ። ትንሽ ዕድል ቢኖር ዋንጫ ነበራቸው። ለዚያ ቡድን መበደር ተገቢ ነበር።

ብሪስ በማርች 2021 ጡረታ ወጣ። አሠልጣኙ ሾን ፔይተን በጃንዋሪ 2022 ለቀቀ። እዚያ ላይ እቁቡ ተበልቷል። ያኔ መደረግ የነበረበት ግልጽ ነበር፤ አንድ ወይ ሁለት ዓመት መሸነፍ፣ የሞተውን ገንዘብ መዋጥ፣ ወጣቶች መሰብሰብና እንደገና መጀመር። እነሱ ግን ሌላ እቁብ ገቡ። የብሪስ ዘመን ተጫዋቾችን ለማቆየት ሲሉ ኮንትራታቸውን ደጋግመው አሸጋሸጉ። በ2023 ዴሪክ ካርን በአራት ዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙ፤ የእሱንም አሸጋሸጉ። ካር በሜይ 2025 በትከሻ ጉዳት ጡረታ ወጣ።

ውጤቱን ተመልከቱ። በ2021 9 አሸንፈው 8 ተሸነፉ። በ2022 7 ለ10። በ2023 9 ለ8። በ2024 5 ለ12። በአራቱም ዓመት ወደ ጥሎ ማለፍ አልገቡም። መጥፎ ስላልነበሩ ጥሩ የድራፍት ዕጣ አላገኙም፣ ጥሩ ስላልነበሩ ዋንጫ አላዩም። ለመካከለኛነት የዋንጫ ዋጋ ከፈሉ።

ወጥመዱ የት ላይ እንዳለ ልንገራችሁ። አንድን ተጫዋች ባሸጋሸግህ ቁጥር ለማሰናበት ይበልጥ ውድ ይሆናል። በ28 ዓመቱ አሸጋሸግከው፤ በ29 ደገምከው፤ በ30 ሠለስከው። አሁን እግሩ ከብዷል፣ ልታሰናብተው ፈለግህ። ነገር ግን የተጠራቀመው የፊርማ ክፍያ በአንድ ጊዜ ዱብ ስለሚል ማሰናበቱ ከማቆየቱ ይበልጥ ያስወጣል። ስለዚህ ታቆየዋለህ። ለማቆየት ደግሞ ዘንድሮ ቦታ የለህም፤ ስለዚህ እንደገና ታሸጋሽገዋለህ። እያረጀ በሄደ ቁጥር ከክለቡ ጋር ያለው ጋብቻ እየጠበቀ ይሄዳል። አረጋዊ መጦር በባህላችን የተቀደሰ ነገር ነው፤ የፉትቦል ቡድን ግን በዚያ መንገድ አይሠራም።

«ታዲያ ምን ያድርጉ?» ለሚል ዴንቨርን ላሳየው። ዴንቨር በ2022 ለራስል ዊልሰን 242.6 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአምስት ዓመት ማራዘሚያ ሰጠች፤ ትልቅ ስህተት ነበር። ነገር ግን በማርች 2024 ጥርሷን ነክሳ አሰናበተችው። የሞተው ገንዘብ 85 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ 53ቱ በ2024፣ 32ቱ በ2025። የ2024 ጣሪያ 255.4 ሚሊዮን ነበርና በዚያ ዓመት ከእያንዳንዱ አምስት ዶላር አንዱ ለሄደ ሰው ነበር የተመዘገበው። ሆኖም ቦ ኒክስ የሚባል ጀማሪ ኳርተርባክ መርጠው በዚያው ዓመት 10 ጨዋታ አሸነፉ፤ ከ2015 የዋንጫ ዘመናቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎ ማለፍ ገቡ። አሠልጣኙ ማን ይመስላችኋል? ሾን ፔይተን። ከኒው ኦርሊንስ የወጣው ሰውዬ ዕዳን መዋጥ እንደሚቻል ሌላ ከተማ ሄዶ አሳየ።

ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

ይሄ ሁሉ የሚሊየነሮች ጉዳይ ነው፣ እኛ ምን አገባን የሚል አይጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ሽግሽጉ ላይ የሚፈርሙት ሦስት ናቸው፤ ባለቤቱ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁና ኮከቡ። ኮከቡ ገንዘቡን በጥሬው ወስዷል። ሥራ አስኪያጁ ዘንድሮ ካላሸነፈ ከሥራ ይባረራል፤ ስለዚህ የ2029 ዕዳ ለእሱ የሌላ ሰው ዕዳ ነው። ባለቤቱ ክለቡ በየዓመቱ ዋጋው ይጨምርለታል። ሦስቱም ለመበደር በቂ ምክንያት አላቸው፤ አንዳቸውም ለመክፈል ምክንያት የላቸውም።

የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው። አንደኛው ከሥር የሚመጣው ነው። ኬለን ሙር በፌብሩዋሪ 2025 የሴይንትስ አሠልጣኝ ሲሆን አንድም ፊርማ ያላሳረፈባቸውን ኮንትራቶች ወረሰ፤ ከመካከላቸው የማርሾን ላቲሞር ይገኝበታል፤ ላቲሞር በ2024 ኅዳር ወደ ዋሽንግተን ከተዛወረ በኋላ በኒው ኦርሊንስ ሂሳብ ላይ የቀረው የሞተ ገንዘቡ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ከፋይ ስሙን የማናውቀው ተጫዋች ነው። በኤን ኤፍ ኤል አብዛኛው ኮንትራት ሙሉ ዋስትና የለውም። ክሊቭላንድ በ2022 ለዴሾን ዋትሰን የሰጠችው 230 ሚሊዮን ዶላር ሙሉ ዋስትና ነበረው፤ ያንን ዕዳ በየዓመቱ ስታሸጋሽግ ኖራለች፤ እሱ ግን በቅጣትና በጉዳት ምክንያት ሜዳ ላይ እምብዛም አልታየም። በዚያ ዕዳ ምክንያት ቦታ ሲጠብብ የሚወጣው ዋትሰን አይደለም፤ ዋስትና አለው። የሚወጣው ሰባት ዓመት የተጫወተ፣ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ያስቀደደ፣ 4 ሚሊዮን የሚከፈለው አማካይ ተጫዋች ነው። በቦታው በወለል ደመወዝ የ22 ዓመት ልጅ ይገባል። ያ አማካይ ተጫዋች የማንንም ኮንትራት አላሸጋሸገም። ሂሳቡ ግን በእሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ከፋይ ደጋፊው ነው። እሱ ትኬት ይገዛል፣ ማልያ ይገዛል፣ በየመጋቢቱ «ቦታ ተከፈተ» ሲባል ያጨበጭባል። ቦታው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ቡድኑ ለምን ጎበዝ ተከላካይ መግዛት እንዳቃተው ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ እኔ ሽግሽግ ይከልከል አልልም። የዲዮን ደንብ ወጥቶ ምን እንደቆመ አይተናል። የምለው ደጋፊው ሦስት ጥያቄ ይልመድ ነው። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? የመጨረሻው ሂሳብ ሲደርስ እዚህ ይኖራል? በዚህ ብድር የሚገዛው ዋንጫ ሊበላ የሚችል ቡድን ነው ወይስ ያለፈ ዋንጫ ትዝታ? ሦስቱም ጥሩ መልስ ካላቸው አጨብጭቡ፤ እኔም አብሬያችሁ አጨበጭባለሁ። መልሱ «የይስሙላ ዓመታት» ከሆነ ግን የክለቡን ሥራ አስኪያጅ እንደ እቁብ ዳኛ ቆማችሁ «ዋስህ ማን ነው?» በሉት።

እቁብ ቀድሞ ወስዶ ሱቅ የከፈተ ሰው አለ፤ ቀድሞ ወስዶ ሠርግ የደገሰም አለ። ሁለቱም በየወሩ እኩል ይከፍላሉ። የመጀመሪያው የሚከፍለው ከሱቁ ገቢ ነው፤ የሁለተኛው እንግዶች ግን በልተው ከሄዱ ቆይተዋል።